ቤት ጫካና ጎረቤት ይፈልጋል

አንድ ቤት ለመሥራት ስንት ሰው ያስፈልጋል? ዛሬ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ውስጥ ይህን ብትጠይቁ መልሱ የሚቆጠረው በሙያ ነው፤ ግንበኛ፣ አናጢ፣ ፌሮ ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛ። ገንዘቡ ካለ ሁሉም ይመጣሉ፣ ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ይሄዳሉ። ይህንኑ ጥያቄ በእነዚሁ ቦታዎች ላደጉ አያቶች ብታቀርቡት ግን መልሱ አጭር ነው፦ መንደሩ ነዋ!

ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን የከበቡ ናቸው። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ሥር፣ ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ፣ ሱሉልታ ደግሞ በሰሜን ከእንጦጦ ጀርባ ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት ግን አብዛኛው መሬታቸው የእህል ማሳና የከብት ግጦሽ ነበር። ዛሬ በየሳምንቱ አዲስ ቤት ይበቅልባቸዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ዘመን አርክቴክቶች «ሰውን ከተፈጥሮና ከማኅበረሰቡ ጋር የሚያገናኝ ሕንፃ» የሚል ነገር ደጋግመው ሲናገሩ ትሰማላችሁ። አዲስ ሐሳብ ይመስላል አይደል? እውነቱ ግን ሌላ ነው። በእነዚህ ኮረብታዎች ላይ ድሮ የተሠራ ቤት ያለ ጫካና ያለ ጎረቤት ጭራሽ አይቆምም ነበር። ግንኙነቱን ማንም አልሳለውም፤ ቤቱ ስለሚፈልገው ብቻ ይመጣ ነበር። ዛሬ ቤቱ ጎረቤትም ጫካም ሳይፈልግ ይቆማል። ስለዚህ ድሮ በነጻ የመጣው ነገር አሁን ታስቦበት በወረቀት ላይ መሳል አለበት። ይህ እንዴት እንደሆነ፣ መልሰው ሊስሉት የሞከሩ ሰዎችስ ምን እንዳገኙ እስቲ አብረን እንይ።

ጭቃም ይቦካል

በአማርኛ ሊጥ ይቦካል፤ ጭቃም ይቦካል። አንድ ዓይነት ቃል የተጠቀምነው በአጋጣሚ አይደለም። የጭቃ ቤት ሠሪ አፈሩን ከውኃና ከጤፍ ጭድ ጋር ደባልቆ፣ በእግር እየረገጠ አሽቶ፣ ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት ያቆየዋል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የሚሆነው ነገር ንጹሕ ሳይንስ ነው። ጓሉ ውኃ ጠጥቶ ይላላል። ጭዱ መበስበስ ሲጀምር ይለሰልሳል፣ የሚያጣብቅ ነገርም ያመነጫል። ሽታው ደስ ባይልም ጭቃው እየተጣበቀና እየተሳበ ይሄዳል።

ጭዱ ሁለተኛ ሥራም አለው። ሸክላ አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። በውስጡ በሺህ የሚቆጠሩ የጭድ ክሮች ሲኖሩ ግን ስንጥቁ አንድ ቦታ ላይ አይከፈትም፤ ጉዳት ወደማያደርሱ ጥቃቅን መስመሮች ይበታተናል። ዛሬ እኛ ምህንድስና የተማርን ሰዎች ኮንክሪት ውስጥ ፌሮ የምንጨምረው ከዚሁ ጋር በሚዛመድ ምክንያት ነው። ኮንክሪት ሲጨቁኑት ጠንካራ ነው፣ ሲስቡት ደካማ፤ ስቡን የሚሸከም ሌላ ነገር ይፈልጋል። የጤፍ ጭድ የጭቃ ግድግዳ ፌሮ ነው ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም።

አሁን የዕቃውን ዝርዝር ተመልከቱ። ቋሚውና ማገሩ ከዛፍ፣ ማሰሪያው ከዛፍ ልጥ፣ ጭዱ ከአውድማ፣ የጣሪያው ሣር ከሜዳ፣ የመጨረሻው ልቅለቃ ከከብቶች እበት ይመጣል። አንዱ ከጠፋ ቤቱ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ዛፉ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ አፈሩ የት እንደሚሻል የማወቅ ግዴታ ነበረበት። ተፈጥሮን ማወቅ ትርፍ ጊዜ ላለው ሰው የተተወ ነገር አልነበረም።

የሰውም ዝርዝር አለ። ጭቃ መርገጥ፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከም፣ ጣሪያ መክደን በአንድ ቤተሰብ ጉልበት አይሞከርም። ለዚህ ነው ደቦ ያለው። በደቦ ጎረቤት ይጠራል፣ ባለቤቱ ይደግሳል፣ ሥራው በዘፈንና በሳቅ ይወጣል። ነገ ደግሞ ተራው የሌላው ነው። ደቦ ደመወዝ የለውም፤ የሚከፈለው በብድር ጉልበት ነው። ያንን ብድር የማይመልስ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ጣሪያው ቢያፈስ ማን ይመጣለታል? ቤቱ በየጊዜው መመረግና መከደን ስለሚፈልግ የመንደሩ ግንኙነትም በየጊዜው ይታደስ ነበር።

ይህን ስል ድሮ ሁሉም ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። በሣር ጣሪያ ውስጥ የሚታጠነው ጭስ ነፍሳትን ያባርራል፤ ዓይንና ሳንባንም ይጎዳል። ቤቱ ጠባብና ጨለማ ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋ አንድ ችግር ደግሞ ነበር፤ ቤቱ ጫካውን ይበላል።

ቤት ጫካውን ሲጨርስ

ከሰበታ ብዙም ሳይርቅ፣ በወጨጫ ተዳፋት ላይ የመናገሻ ሱባ ጫካ አለ። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ የሞሉበት፣ የምኒልክ ድኩላ የሚኖርበት ጫካ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አካባቢው መራቆቱን አይተው፣ ከሰሜን ሸዋ ወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ትውፊቱ የሚነግረን አንድ ነገር አለ፤ በእነዚህ ተራሮች ላይ እንጨት የማለቁ ስጋት የትናንት አይደለም።

ስጋቱ በግልጽ የታየው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ በነበረበት ጊዜ ለቤት፣ ለአጥርና ለማገዶ የሚሆን እንጨት ከተራራው ላይ እየተመናመነ ሄደ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተመሠረተች በኋላም ችግሩ ተከተላት። ጥድ ምስጥ የማይበግረው ምርጥ የቤት እንጨት ነው፤ ግን ለማደግ ዕድሜ ይፈልጋል። ከተማ ደግሞ አይጠብቅም።

መፍትሔ ተብሎ የታሰበው ከተማዋን ማዛወር ነበር። በ1893 ዓ.ም. አካባቢ በዛሬው የቡራዩ መንገድ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ ዓለም የሚባል አዲስ መናገሻ መሠራት ጀመረ። ስሙ ራሱ አዲስ ጅማሬ ነው የሚለው። ነገር ግን ዝውውሩ ሳይሆን ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ቦታ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባን ካተረፏት ነገሮች አንዱ ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንጦጦም የከተማዋ ዙሪያም በባሕር ዛፍ ተሸፈነ። የከተማዋ ጭቃ ቤቶች ቋሚና ማገር፣ ምጣድ ሥር የሚነደው ቅጠል፣ በኋላም የፎቅ ቤት ሲሠራ የሚቆመው መወጣጫ ሁሉ ከዚያ መጣ። ዛፉ ውኃ በመምጠጡና ከሥሩ ሌላ ተክል እንዳይበቅል በማድረጉ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ሆኖም አንድ ከተማ ባለችበት እንድትቆይ ያደረገ ዛፍ በዓለም ታሪክ ብዙ አይገኝም።

እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡት። ቤቱ ከጫካው ጋር መገናኘቱ ብቻውን ጫካውን አላዳነውም፤ እንዲያውም ጨርሶት ነበር። ያዳነው ከወሰዱት በላይ ለመትከል የተደረገ ውሳኔ ነው። «ከተፈጥሮ ጋር የተገናኘ ቤት» ሲባል የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ይሁን፦ ከተፈጥሮ ምን ይወስዳል? ምንስ ይመልሳል?

ግድግዳ የሌለው አዳራሽ

የቤት ታሪክ የግድግዳ ታሪክ ብቻ አይደለም። በዚህ አካባቢ ትልልቁ የስብሰባ አዳራሽ ለረጅም ዘመን ዛፍ ነበር። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሕግ የሚወጣው፣ ሥልጣን የሚረከበው፣ ጠብ የሚበርደው በኦዳ ዛፍ ሥር ነው። በዱከም አቅራቢያ ያለው ኦዳ ነቤ ከታወቁት የገዳ ማዕከላት አንዱ ነው። ዩኔስኮ ገዳን እ.ኤ.አ. በ2016 በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በአማራውም አገር ሽማግሌ የሚቀመጠው ዋርካ ሥር ነው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ብትሄዱ ሕንፃውን የሚከብበው አጸድ በዛፍ የተሞላ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ የአገሩ ጥንታዊ ዛፍ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ የሆነባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው።

እነዚህን እንደ ሕንፃ ብታዩዋቸው የሚገርም ብቃት አላቸው። ትልቅ ዛፍ ፀሐይን ይከለክላል፣ ነፋስን ያሳልፋል። ከቅጠሉ የሚተነው ውኃ አየሩን ያቀዘቅዛል። በር ስለሌለው ማንም ሰው ከውጭ ሆኖ መስማት፣ ሲፈልግ መቅረብ፣ ሲሰለቸው መሄድ ይችላል። አንድ አርክቴክት «ሕዝብ የሚሰበሰብበት ክፍት ቦታ ሥራ» ቢባል ከዚህ የተሻለ ነገር ለማምጣት ይቸገራል።

ግንኙነቱ መቼ ተቋረጠ?

በአንድ ቀን አልተቋረጠም። መጀመሪያ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ አይበሰብስም፣ በየዓመቱ ከድኑኝ አይልም። ሰው ቢወደው አይፈረድበትም። ግን «ከድኑኝ» የማይል ጣሪያ ጎረቤትንም አይጠራም። ቀጥሎ ሲሚንቶና ብሎኬት መጡ። የእነሱም ጥቅም ግልጽ ነው፤ ይጠነክራሉ፣ ወደ ላይ ያስኬዳሉ፣ ዝናብ አይበላቸውም።

የጠፋውን ነገር በቁጥር ለማየት አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሜዳው ላይ ውርጭ ይጥላል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። እዚህ የሚያስፈልገው የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊት የሚያቆይ ቤት ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ በአንድ ካሬ ሜትር በግምት 240 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሙቀቱን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለመጨመር ወደ 240 ኪሎ ጁል ጉልበት ይፈልጋል። 0.3 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ ደግሞ በካሬ ሜትር 2.4 ኪሎ ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ የሚፈልገውም ወደ 1.1 ኪሎ ጁል ብቻ ነው። ልዩነቱ ከ200 እጥፍ በላይ! ለዚህ ነው ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ምድጃ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣ የሚሆነው። ጭቃው ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል።

ብሎኬትም ቢሆን ክብደት ስላለው ሙቀት ይይዛል። የእሱ ጣጣ ሌላ ቦታ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይን ከሌሎች ጥሬ ዕቃዎች ጋር 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በማቃጠል ነው፤ በዚያ ሂደት ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከሱሉልታ በስተሰሜን በደርባና በሙገር አካባቢ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የቆሙት ድንጋዩ እዚያ ስለሚገኝ ነው። ስለዚህ ዛሬም ቤታችን የሚመጣው ከተራራ ነው። ልዩነቱ ተራራው ሲቆረጥ አለማየታችን ነው። ድሮ ጫካው ሲሳሳ ቤት ሠሪው በዓይኑ ያያል፣ በእግሩም ይሄድበታል። አሁን ግን የምናየው በጭነት መኪና የመጣ ከረጢት ብቻ ነው።

ኮሚናል፦ ባህልን በፕላን ውስጥ

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤቶችን መገንባት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህም ከመቶ ሺህ በላይ ቤቶች ተሠሩ። ወደ ሰበታ ስትሄዱ የምታልፉት ጀሞ ከእነዚህ ሳይቶች አንዱ ነው። ዲዛይን ያደረጉት ባለሙያዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ገጠማቸው። መሬት ላይ ይኖር የነበረ፣ በግቢው በግ ያርድ፣ እንጀራ ይጋግር፣ በርበሬ ያሰጣ የነበረ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ሲወጣ ይህን ሁሉ የት ያደርጋል?

የሰጡት መልስ በሌላ አገር የመኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ ብዙ የማታገኙት ነው። በሕንፃዎቹ መካከል ኮሚናል የሚባል ዝቅ ያለ የጋራ ቤት አስቀመጡ፤ ለዕርድ፣ ለእጥበት፣ ለማብሰል፣ ለድግስ የሚሆን። እኔ ይህን ትልቅ ነገር እለዋለሁ። ድሮ በግቢ ስፋት ምክንያት ሳይታሰብ ይደረግ የነበረ ነገር እዚህ በፕላን ላይ ክፍል ተሰጠው።

ሁሉም ቦታ ላይ እንደታሰበው አልሆነም። አንዳንዱ ኮሚናል በትክክል ያገለግላል፤ በበዓል ዋዜማ ብትሄዱ ግርግሩ ልዩ ነው። አንዳንዱ ግን ዕቃ ማከማቻ፣ ቢሮ ወይም ኪራይ ቤት ሆኗል። ፕላን ቦታ ሊሰጥ ይችላል። ቦታውን ማን ያጸዳዋል? ቁልፉ ማን ጋ ይሁን? የውኃውን ሒሳብ ማን ይክፈል? ይህን ፕላን አይመልስም። ድሮ ደቦ ይመልሰው የነበረውን አሁን የነዋሪዎች ማኅበር ካልመለሰው ክፍሉ ባዶ ግድግዳ ይሆናል።

ጉርናና ጋንዶ

ይህ የእኛ ፈተና ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ሌላ የአፍሪካ ጥግ እንሂድ። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ እ.ኤ.አ. በ1945 ሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለች መንደር መሥራት ጀመረ። ያሰበው በጥንታዊ መቃብሮች ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሚዛወሩባት የጭቃ ጡብ መንደር ነበረች። ጉልላቶቿ ውብ፣ ጥላዎቿ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ መጽሐፍ ተጽፎላት በዓለም ታወቀች። ሰዎቹ ግን አብዛኞቹ አልገባም አሉ። መተዳደሪያቸው ከድሮው መንደራቸውና ከመቃብሮቹ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ዝውውሩንም የወሰነው መንግሥት እንጂ እነሱ አልነበሩም። ጭቃው ትክክል ነበር፤ ጥሪው ግን ከነዋሪው አልመጣም።

አሁን ደግሞ ቡርኪና ፋሶ። ፍራንሲስ ኬሬ በርሊን ውስጥ ተማሪ ሳለ ለትውልድ መንደሩ ለጋንዶ ትምህርት ቤት ለመሥራት ገንዘብ አሰባሰበ፤ ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። ልጆች ለመሠረቱ ድንጋይ ሰበሰቡ፣ ሴቶች ውኃ ቀዱ፣ የመንደሩ ሰው ከአፈርና ከትንሽ ሲሚንቶ ጡብ አመረተ። ኬሬ የቆርቆሮ ጣሪያውን ከጡቡ ኮርኒስ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ ነፋስ በመካከላቸው እያለፈ ሙቀቱን ይወስደዋል። ልብ በሉ፣ ቆርቆሮን አልጣለውም፤ በትክክለኛው ቦታ አስቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኬሬ የአርክቴክቸር ታላቅ ሽልማት የሆነውን ፕሪትዝከርን ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

ሁለቱም በአፈር ሠሩ። የለያቸው ግን ቤቱ ማንን እንደጠራ ነው። ጋንዶ ላይ መንደሩ ከመጀመሪያው ድንጋይ ጀምሮ አለበት፤ ደቦ ማለት ይኸው ነው።

ከልደታ እስከ መካኒሳ

በእኛም አገር ሙከራዎች አሉ። አዲስ አበባ ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተቋም ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ትብብር ከተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ይመዘዛል። በዚህ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 ተማሪዎችና መምህራን ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆነው ሱዱ የተባለ ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ሠሩ። የምድር ቤቱ ግድግዳ በቅርጽ ውስጥ ተጠቅጥቆ የጠነከረ አፈር ነው። ወለሉና ጣሪያው ደግሞ ከአፈር በተሠሩ ስስ ሰሌዳዎች የተገነባ ቅስት ነው። ቅስት ጭነቱን ወደ ጎን እያስተላለፈ ሁሉንም ነገር ስለሚጨቁን ፌሮ አያስፈልገውም። «የጭቃ ቤት ፎቅ አይሆንም» የሚለው አባባል እዚያ ፈተና ላይ ወደቀ።

ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ መካኒሳ አካባቢ፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ ዞማ ሙዚየም አለ። የመሠረቱት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ ናቸው። ግድግዳዎቹ የእንጨትና የጭቃ ናቸው፤ ነገር ግን ምርጊቱ ላይ በእጅ የተሠሩ ጥበባዊ ቅርጾች አሉበት። በግቢው የአትክልት ቦታ፣ ከብቶችና የልጆች ትምህርት ቤት ይገኛሉ። ዞማ የሚያስተምረን ትልቁ ነገር ስለ ውበት ነው። ለብዙ ሰው ጭቃ ቤት ማለት የድህነት ምልክት ነው፤ ሰው የሚያፍርበትን ቤት ደግሞ ማንም አይጠግነውም። እዚያ ሙያውን ይዘው የመጡ ጭቃ መራጊዎች የሠሩት ሥራ ሙዚየም ሆኗል።

ታዲያ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታስ?

ሁሉም ሰው ወደ ጭቃ ቤት ይመለስ ማለቴ አይደለም። ለሚሊዮኖች ቤት የሚሆን ባሕር ዛፍ ፍለጋ ብንወጣ የእንጦጦን ታሪክ እንደግማለን። ጥያቄው ብሎኬት ወይስ ጭቃ የሚል አይደለም። ቤቱ ተፈጥሮንና ጎረቤትን ጨርሶ ካልፈለጋቸው ነገ ሁለቱም ሲጎዱ አይሰማውም። ስለዚህ እንዲፈልጋቸው አድርጎ መንደፍ ይቻላል። ሦስት ነገሮችን ብቻ ላንሳ።

አንደኛው ውኃ ነው። የእንጦጦ ሰንሰለት ጫፍ ውኃ የሚለያይበት ወሰን ነው። ሱሉልታ የሚወርደው ዝናብ በሙገር በኩል ዓባይን ተከትሎ ሜዲትራኒያን ይደርሳል፤ ቡራዩና ሰበታ የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ገብቶ፣ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል እንጂ ባሕር አያይም። በአካባቢው በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ቢዘንብ 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ 55,000 ሊትር ይቀበላል። አምስተኛው ቢባክን እንኳ 44,000 ሊትር ይቀራል። ይህን ውኃ በቧንቧ አሰባስቦ ሮቶ ውስጥ ማስገባት ወይም ወደ ግቢው አፈር እንዲሰርግ ማድረግ ይቻላል። ያለበለዚያ ሁሉም ጣሪያ በአንድ ጊዜ ወደ መንገድ ይለቀዋል፤ በክረምት ሜዳ ላይ የተሠሩ ሰፈሮች ጎርፍ ሲገባባቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ይሄው ነው። ውኃውን የሚጠቀም ቤት ሰማዩን መከታተል ይጀምራል።

ሁለተኛው ድንኳን ነው። አንድ ሰፈር ሲታቀድ «ለቅሶ ቢደረስ የእድር ድንኳን የት ይተከላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀልድ አይደለም። ድንኳኑ ቦታ ካጣ ወይ መንገድ ይዘጋል፣ ወይ እድሩ ይቀራል። ድንኳን የሚያስተክል ክፍት ቦታ በሌላው ቀን የልጆች ኳስ ሜዳ፣ የሽማግሌዎች መቀመጫ፣ የበርበሬ ማስጫ ነው። ደግሞም እድር የሚቆመው በሰፈር ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሕገ ወጥ የተባሉ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ፣ የፈረሱት ቤቶች ብቻ አልነበሩም፤ ሰው ሲበታተን ለዓመታት የተዋጣበት መተሳሰብም አብሮ ይበተናል። ይህ በየትኛውም የግንባታ ዕቃ ዝርዝር ላይ ዋጋ የለውም፤ መልሶ ለመሥራት ግን ከግድግዳው በላይ ጊዜ ይወስዳል።

ሦስተኛው ዛፍ ነው። ብዙ ጊዜ ቦታ ከተመራ በኋላ መጀመሪያ የሚደረገው ያለውን ሁሉ መመንጠር፣ ከዚያ በግንብ ማጠር ነው። ዛፉ መጨረሻ ላይ፣ ቦታ ከተረፈ ይተከላል። ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠውስ? መጀመሪያ በቦታው ያለው ዋርካ፣ ወይራ ወይም ጥድ በፕላኑ ላይ ይመልከት፤ ቤቱ በዙሪያው ይሳል። ትልቅ ዛፍ ለማግኘት የሰው ዕድሜ ያስፈልጋል፤ ግድግዳ ግን በሳምንት ይቆማል።

እናንተ ደግሞ ዛሬውኑ ልትጀምሩት የምትችሉት ሥራ አለ። ሁለት ቴርሞ ሜትር ካገኛችሁ አንዱን በጭቃ ክፍል፣ ሌላውን በቆርቆሮ ክፍል ስቀሉና ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለአንድ ሳምንት መዝግቡ። ከዚያ ሰፈራችሁ ውስጥ በዕድሜ የገፉ አንድ እናት ወይም አባት ፈልጉና ቤታቸው ሲሠራ ማን ጭቃ እንዳቦካ፣ እንጨቱ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ፣ በደቦው ዕለት ምን እንደተበላ ጠይቋቸው። ሁለቱንም በአንድ ደብተር ላይ ጻፉት። የመጀመሪያው ግድግዳው ሙቀትን እንዴት እንደሚይዝ ያሳያችኋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰውን እንዴት ይዞ እንደነበር።